በጸበል የተዋጠው እንክብል

«ሽንት ነው እኮ የተባልሽው! ደም አልተባልሽ፣ ነፍስ አልተባልሽ!»

«አልሰጥም አልኩ፣ የኔታ።»

«ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?»

«ንጹሕ ስለሆንኩ ነዋ የማልሰጠው!»

እህቴ ትርንጎ ይህን የመለሰችው ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ፣ ቢቸና ባለው ቤታችን መደብ ላይ፣ ከሞጣ ድረስ የመጡት መሪጌታ ልየው ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። የእህቴ እጮኛ የዲያቆን ይበልጣል አባት ናቸው። አብሯቸው የመጣው ሽማግሌ ከገባ ጀምሮ ጉሮሮውን ከመጥረግ በቀር ያደረገው ነገር የለም። እናቴ መሬት መሬቱን እያየች የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትላለች። እኔ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ነኝ።

«እቴ ጥሩ» አሉ መሪጌታ ወደ እናቴ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጅሽን ልከስ አልመጣሁም። እዚሁ ቢቸና ያለችው እህቴ በዓይኗ ያየችውን ነው የነገረችኝ። ሦስት ቀን፣ ኪዳን ሳያልቅ እየወጣች፣ ከአጥሩ ሥር ተደፍታ ስታስመልስ። ሦስት ቀን! የወለደች ሴት ይህን አይታ ምን ታስባለች?»

«ታማ ይሆናላ፣ የኔታ» አለች እናቴ።

«ታማ ከሆነ ሐኪም ይያት። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

ሌላ አላሉም። እርግዝና የምትለዋን ቃል ቤት ውስጥ የነበርነው አምስታችንም አልጠራናትም። ሁላችንም ጫፍ ጫፏን እየረገጥን በዙሪያዋ እንሄድ ነበር።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ይበልጣል ከፋሲካ በኋላ እህቴን በቁርባን አግብቶ ቅስና ሊቀበል ነው። ዲያቆን የሚያገባት ልጅ ድንግል ካልሆነች ደግሞ ክህነቱ እዚያው ላይ ይቀራል። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት አንድ ልጃቸውን መቅደስ ውስጥ ለማየት ነው። ስለዚህ ስሟ ብቻ አይደለም ሚዛን ላይ የወጣው፤ የእሳቸውም ዕድሜ ነው። ይህን ስለማውቅ ልጠላቸው አልቻልኩም።

መሪጌታ ተነሡ። «እስከ ቅዳሜ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ የምርመራው ወረቀት ካልመጣ ሰርጉ የለም። ለምን ቀረ ብሎ የጠየቀኝንም ሰው አልዋሽም፤ በዚህ ሽበት አልዋሽም።»

ሐሙስ ነበር። ሁዳዴ ከተያዘ አምስተኛው ሳምንት።

እሳቸው ሲናገሩ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ እያለኝ ነበር። ነጭ ብልቃጥ። በብልቃጡ ጀርባ ላይ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈች አንዲት መስመር።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ስሜ አንሙት ነው፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብቼ በዓመቴ ትቼው ተመልሻለሁ፤ ለምን ብትሉኝ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ቢቸና አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲመጣም አነባለሁ። በተረፈኝ ጊዜ ግጥም እገጥማለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ለዚህም ይሆናል ቤት የመታልኝ ሁሉ እውነት የሚመስለኝ።

በጥምቀት ሰሞን ጎረቤት ተሰብስቦ ሲጫወት፣ ሰው ላስቅ ብዬ በትርንጎ ብጉር ላይ ይህችን ወረወርኩ፦

ማን ይደክማል ከእንግዲህ፣ በሬ ጠምዶ ማረሻ ስሎ፣
ምስር እንዲሁ ሲገኝ፣ በእህቴ ጉንጭ ላይ በቅሎ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። ግጥሟ ግን ከዚያ ቤት ወጥታ ሰፈሩን ዞረች። ትርንጎ የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ በሳምንቱ አንዲት የአምስት ዓመት ተማሪዋ ክፍል ውስጥ ተነሥታ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ግጥሟን እንደ መዝሙር አዜመችላት። ይህን የነገረችኝ እህቴ አይደለችም። እህቴ ያደረገችው ፎቶ ኮፒ ቤት መጥታ፣ ደንበኛ እስኪወጣ ጠብቃ፣ «አንተ እንግሊዝኛ ታውቅ የለ? ፊት የሚያጠራ ነገር ፈልግልኝ። ቅባቱን ሁሉ ሞክሬዋለሁ፤ ከውስጥ የሚሠራ አለ ይላሉ» ማለት ብቻ ነው።

በስልኬ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ብልቃጡ በደጀን በኩል በሚመጣ አውቶቡስ፣ በሾፌር እጅ ደረሰን። ዚንክና ቫይታሚን ነው ይላል፤ ላዩ ላይ ፊቷ እንደ ተላጠ እንቁላል የሆነች ሴት ትስቃለች። ሻጩ «ጠዋት ጠዋት አንድ» አለኝ። በብልቃጡ ጀርባ ያለችው መስመር ግን ከምግብ ጋር ይወሰድ ትላለች። አነበብኳት። በደንብ አነበብኳት።

«ሁዳዴ እየገባ ነው» አለችኝ ትርንጎ ያን ዕለት። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስ። መቼ ልዋጠው?»

«ጠዋት በጸበል ዋጪዋ» አልኳት። «ጸበል ከምግብ አይበልጥም እንዴ?»

ሳቀች። አባባሌ እኔንም አስደሰተኝ። እንዲህ ነበርኩ፤ የሚያምር መልስ ካገኘሁ ትክክለኛውን አልፈልግም።

መሪጌታ ወጥተው እናቴ ልትሸኛቸው ስትከተል፣ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም።

«ትርንጎ፣ እንክብሉን ስንት ነው የምትውጪው?»

«ምን አገናኘው?»

«ስንት?»

«አንዱ አልሠራ ሲለኝ ሰሞኑን ሁለት አደረግኩት። ከቅበላ ወዲህ ገና ሦስት ናቸው የጠፉት።» ብጉሯን ትቆጥር ነበር ማለት ነው።

«በጸበል?»

«አንተ አይደለህ ያልከኝ?» ከዚያ ዓይኖቿ ተከፈቱ። «እሱ ነው?»

«መሰለኝ። ንገሪያቸው።»

«ምን ብዬ? ሰው በሁዳዴ ነፍሱን ሲያጥብ እኔ ፊቴን ሳጥብ ከረምኩ ልበል? የቄስ ሚስት ልትሆን ነው የተባለችው?»

«ከዚህኛው ስም አይሻልም?»

«አይሻልም። ያኛው ውሸት ነው፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላው ራሱ ይፈርሳል። ይሄኛው ግን እውነት ነው።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አንሙት፣ ለማንም አትተነፍስም። ይበልጣል ያውቀኛል። እሱ ይናገርልኛል።»

ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሄድኩ። የሚሠራበት አብዱ የሚባል የጅማ ልጅ ነው፤ ማመልከቻ ሲያጽፍ ተዋውቀናል። ብልቃጡን ተቀብሎ አገላበጠው።

«ማነው የሚወስደው?»

«እህቴ። ሁለት ሁለት።»

«በባዶ ሆድ?»

«በጸበል።»

«ጸበሉን ተወውና፣ ሆዷ ባዶ ነው ወይ?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

አብዱ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቆመው። «ስማ፣ መርዝ አይደለም። ዚንክ ለብጉር አንዳንዱን ሰው ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ግን አንዱ ራሱ ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለቱ ባዶ ሆድ ላይ ሲወድቅ ሆድ ይገለብጣል። እናቴ በረመዳን ሱሁር በልታ ነው የምትውጠው። እናንተ ደግሞ ሌሊት ተነሥታችሁ አትበሉም!»

«እና የሚያስመልሳት እሱ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። ዛሬ ታቁም። በሁለት ሦስት ቀን ካልተዋት ሐኪም ትታይ።»

«ሰውን ሁሉ ያስመልሳል?»

«የለም። አንዱን ያስመልሰዋል፣ አንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ አንዱን ምንም አይለው።» ልወጣ ስል ጠራኝ። «አንሙት፣ ጾመኛ ናት ስላልከኝ ነው። የዚህ እንክብል ሽፋን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከከብት ቆዳና አጥንት ነው።»

የቄስ ሚስት ልትሆን የታጨችውን እህቴን፣ በአንዲት ቀልድ፣ ጾሟን አስገድፌ፣ ሆዷን ገልብጬ፣ ስሟን አስጠፍቼ ነበር።

ዓርብ ገና ሳይነጋጋ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ ለማንም ሳልናገር ወደ ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አትተንፍስ ያለችኝን አፍርሼ ነበር የምሄደው። ደብረ ወርቅን አልፈን ዳገቱ ሲጀምር ሁለት ጊዜ ወርጄ ልመለስ አሰብኩ። ሁለቴም አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዶሮ ይዘው ስለተኙብኝ አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ጀግና የሚሆነው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ሞጣ ስደርስ መሪጌታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ተማሪዎቻቸውን ቃል በቃል እያስደገሙ ያስቀጽላሉ። ይበልጣል ከጎናቸው ቆሟል፤ ረጅም፣ ጨዋ፣ ሲያዩት የሚያሳዝን ዓይነት ልጅ ነው። ተሳለምኩና ከፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ግጥሙን፣ ብልቃጡን፣ ጸበሉን፣ አብዱ ያለኝን። የከብት ቆዳዋንም አልደበቅኩም።

መሪጌታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ብልቃጡን ተቀብለው የምትስቀዋን ሴት ብዙ ጊዜ አዩዋት።

«የቆዳው ነገር ለነፍስ አባቷ ነው፤ ሳታውቅ ነው» አሉ። «ግን ልጄ፣ አንተ ግጥም ትገጥማለህ አሉ።»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ነገር ማሳመር ታውቅበታለህ ማለት ነው። እህትህን ታድናለህ እንጂ ትጥላለህ? ወንድም ነህ። ይሄ ያመጣኸው ነገር አማረ፤ በጣም አማረ። ያማረ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል።»

እዚህ ሌላ ያማረ ቃል አይሠራም ነበር። እጄን ዘርግቼ ብልቃጡን ከእጃቸው ወሰድኩ፤ ክዳኑን ከፈትኩና ሁለት እንክብል መዳፌ ላይ አፈሰስኩ።

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም» አልኳቸው። «ልክ እሷ እንደምታደርገው ልዋጠው። እርስዎ ይዩ።»

«ምን አልክ?»

«ሲያስመልሰኝ ያምኑኛል።»

«ባያስመልስህስ?»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። አንዱን ምንም አይለው ያለው የአብዱ ድምፅ ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ ውስጥ የጮኸው። ተማሪዎቹ ቅጸላቸውን ትተው እኔን ያያሉ። አጠገባቸው ከተቀመጠው የውሃ ቆርቆሮ አንድ ጉንጭ ተጎንጭቼ ዋጥኳቸው።

ጠበቅን። መሪጌታ ወደ ትምህርታቸው ተመለሱ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ጋ ነው። የዛፉ ጥላ ጉልበቴ ላይ ነበር። ሆዴን አዳመጥኩት። እንደ ኩሬ ውሃ ፀጥ ብሏል። ጥላው ከጉልበቴ ወረደ። አሁንም ፀጥ። ተራበ እንጂ ሆዴ ሌላ ነገር አልተናገረም። እህቴን በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ። ይህ ሆድ ዝም ካለ ያለቀላት እሷ ናት፤ ከእንግዲህ እውነቱን ብትናገር እንኳ የሚያምናት አይኖርም፤ ተሞክሮ ታይቷላ! አምላኬ ሆይ፣ እንዲያስመልሰኝ አድርግ ብዬ ጸለይኩ። ይህን ጸሎት በዚያ ቅጥር ውስጥ ከእኔ በፊት የጸለየ ያለ አይመስለኝም።

ይበልጣል መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ እሷ ነዋ።»

የሣር ሰበዝ ነቅሎ ጣቱ ላይ ጠመጠመው። «አባቴ ያያሉ» አለ።

ምናልባት እሱ ቃል ነው ሆዴን የቀሰቀሰው። መጀመሪያ አፌ ምራቅ ሞላ። ከዚያ ግንባሬ ላይ ቀዝቃዛ ላብ መጣ፣ ዛፉ ትንሽ ዘመም አለ። ተነሥቼ ወደ አጥሩ ስሮጥ ተማሪዎቹ መንገድ ከፈቱልኝ። ድንጋዩን ተደግፌ፣ ያለኝንም የሌለኝንም፣ አንጀቴ እስኪታጠፍ አወጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ታምሜ አላውቅም።

ቀና ስል መሪጌታ ከኋላዬ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ውሃ፣ በሌላው ጭራቸውን ይዘዋል። ፊታቸው መጀመሪያ እንደ ድንጋይ ነበር፤ ከዚያ ጢማቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እንግዲህ» አሉ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «ወንድምየውም አርግዟል!»

ቅጥሩ በሳቅ ተናወጠ። እሳቸው ግን ቶሎ ሳቃቸውን ዋጡት። አፌን እንድታጠብ ውሃውን እያንቆረቆሩልኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «በሰው ልጅ ላይ ክፉ ቃል አውጥቻለሁ። ነገ እመጣለሁ። ቃሉን ያወጣሁበት ቤት ገብቼ እመልሰዋለሁ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይና ለእናንተ ለምታነቡት አንድ ሁለት ነገር ልበል። እንክብሉን ልከስ አይደለም የጻፍኩት። እህቴ አሁንም ትወስዳለች፤ ሐኪም በወሰነላት መጠን፣ ከምሳ በኋላ፣ በጾም ወቅትም ከዘጠኝ ሰዓት ወዲያ፣ ሽፋኑ ከእንስሳ ያልሆነውን። አንዳንዱ ብጉር ጠፋ፣ አንዳንዱ ቀረ። እኔም ፊት እንዲጠራ በሚፈልግ ሰው አልስቅም። ሰው ፊቱን ይዞ ነው አደባባይ የሚወጣው። ግን እናንተም እንደ እኔ ከሌላው ትንሽ ቀደም ብላችሁ ፊደል የቆጠራችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ለሰው ስታነቡ እስከ መጨረሻዋ መስመር አንብቡ። ያነበባችሁትንም አታሳምሩት። ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አጥርቶ የሚያነብ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ያልኩት ሁሉ እንደ ተጻፈ ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን አላውቅም ማለት ለምጃለሁ። ግጥምም አልተውኩም፤ የሰው ፊት ላይ መጻፍ ግን ትቻለሁ።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ዓርብ ሞጣ ላይ ነው ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሞጣ ያመጣሁት ግማሹን ነው። ሌላው ግማሽ ቅዳሜ ቤታችን ጠበቀኝ።

መሪጌታ እንዳሉት መጡ፤ በዚህ ጊዜ ከሽማግሌው ሌላ ይበልጣልንም ይዘው። ቆመው ነው የተናገሩት፤ እናቴ ተቀመጡ ብትል አሻፈረኝ አሉ። «እቴ ጥሩ፣ በድዬሻለሁ። ልጅሽንም በድያለሁ። በጆሮዬ ሰምቼ በአፌ ፈረድኩ» ብለው ጎንበስ ሲሉ እናቴ ተንደርድራ ትከሻቸውን ያዘች፤ ሁለቱም እንባ አወጡ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ «ይኼ ነው!» አለ። ከእሱ የሰማሁት ብቸኛ ቃል ነው።

«በይ ልጄ፣ ውጪ እንግዲህ» አሉ መሪጌታ ወደ መጋረጃው። «ሰርጉ በቀኑ ነው።»

ትርንጎ ወጣች። ከሐሙስ ወዲህ አላስመለሳትም ነበር። ብዙ ጊዜ እንግዳ ሲኖር ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ትከናነባለች፤ ያን ቀን አልተከናነበችም። የመሪጌታን ጉልበት ሳመች። «ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፣ የኔታ። ከልቤ ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ይበልጣል ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቂኝ» አለ።

«አንሙት ባያስመልሰው ኖሮስ?»

ይበልጣል አባቱን አየ።

«እሳቸውን አትይ። እኔን እያየህ መልስልኝ። ባያስመልሰው ኖሮ ምን ትላቸው ነበር?»

እናቴ «ተይ አንቺ ልጅ፣ ያለፈ ነገር ነው» አለች። ይበልጣል አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ጣቶቹ የሌለ የሣር ሰበዝ ይጠመጥሙ ነበር። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ቢዋሻት ቀላል ነበር፣ አልዋሻትም። ብዙ ጠበቀችው። እኔ ሆዴን ከጠበቅኩት ይልቅ እሷ እሱን የጠበቀችው ረዘመብኝ።

«እሺ፣ ገባኝ» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «የወንድሜ ሆድ መሰከረልኝ። አንተ አፍ እያለህ አልመሰከርክልኝም። የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰርጉ የለም። ለምን ቀረ ብሎ ለጠየቀዎት፣ እሷ ናት እምቢ ያለችው ይበሉ፤ አይዋሹም።»

መሪጌታ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸውን አላዩትም።

ትርንጎ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን ከችንካሩ አወረደች፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሕፃናቱን ደብተር የምታርመው እዚያው ክፍሏ ነው። በአጠገቤ ስታልፍ አየችኝ፤ በአስተያየቷ ቁጣም ምስጋናም አልነበረም። ወጣች። በሩንም ከኋላዋ፣ እንደ ወትሮዋ፣ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።